ከመሃል ሜዳ የማይታየው ሥራ፦ የፎርሚጋ 26 ዓመታት

ስለ ሴቶች እግር ኳስ እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው የአጥቂዎች ስም ነበር። ስለ ኳስ ስናወራ ልማዳችን ይኸው ነው፤ ግብ ያገባው ይነሣል፣ ግቡ እየተደጋገመ ይወራል፣ ምሽቱም በዚያው ያልቃል። ዛሬ ግን ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት አማካይ ተጫዋች ነው። ሙሉ ስሟ ሚራይልዴስ ማሲየል ሞታ ይባላል። ዓለም የሚያውቃት ፎርሚጋ በሚለው ቅጽል ስሟ ነው፤ በፖርቱጋልኛ ጉንዳን ማለት ሲሆን፣ ልጅ ሳለች ሜዳውን ሙሉ ለጓደኞቿ ስትለፋ ባዩ ሰዎች የወጣላት ስም ነው። ብራዚላዊት ናት። በ7 የዓለም ዋንጫዎችና በ7 የኦሊምፒክ ውድድሮች ተጫውታለች። በዓለም ዋንጫ 7 ጊዜ የተሰለፈ ሌላ ሰው፣ በወንድም ሆነ በሴት፣ እስከ ዛሬ የለም።

ዓላማዬን አስቀድሜ ልናገር። ፎርሚጋ በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫዋ ላይ 17 ዓመቷ ነበር፤ ብሔራዊ ቡድኑን ስትሰናበት 43 ሞልቷታል። ይህን ስንሰማ የሚቀድመን አድናቆት ነው፤ ይገባታልም። እኔ ግን ከአድናቆቱ ጎን አንድ ጥያቄ ላቆም እፈልጋለሁ። ኳስ ተጫዋች በየመንደሩ በሚፈላበት አገር፣ አንዲት ሴት እስከ 43 ዓመቷ መሃል ሜዳውን ይዛ እንድትቆይ ያስፈለገው ለምንድን ነው? የዚህች ሴት ረጅም ዘመን የእሷን ጥበብና ጽናት ይመሰክራል፤ ቦታዋን የሚረከብ ሰው ሳያዘጋጁ የቀሩትንም ይከስሳል ብዬ አምናለሁ። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ታሪኳን ያጎድለዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የተወለደችበትን ዘመንና ሕግ አነሣለሁ። ከዚያ አማካይ ተጫዋች ሜዳ ላይ ምን እንደምትሠራ ዘርዘር አድርጌ አያለሁ፤ ልቤ ያለው እዚያ ላይ ነውና ጥቂት ብቆይ ታገሡኝ። ቀጥሎ እንጀራዋን ከየት እንዳገኘች፣ በመጨረሻም ጫማዋን ከሰቀለች በኋላ ለምን ተመልሳ እንደተጠራች እናገራለሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሕጉ ልጀምር። ፎርሚጋ በማርች 1978 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ የባሂያ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በሳልቫዶር ተወለደች። በዚያን ዕለት አንዲት ብራዚላዊት ሴት ኳስ ብትጫወት ሕግ ተላላፊ ነበረች። የነገሩ መነሻ 1940 ነው። በዚያ ዓመት የሴቶች ቡድኖች በሪዮ ዴ ጃኔሮ ዳርቻ ሰፈሮች ተስፋፍተው፣ በሳኦ ፓውሎ አዲስ በተመረቀው የፓካዬምቡ ስታዲየም ሕዝብ ፊት እስከ መጫወት ደርሰው ነበር። ይህን የተቃወመ ዦዜ ፉዜይራ የሚባል አንድ ዜጋ ለፕሬዚዳንቱ ለጄቱሊዮ ቫርጋስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጨዋታው የነገ እናቶችን አካል ያበላሻልና መንግሥት ያስቁምልን አለ። ደብዳቤው በጋዜጣ ወጣ፣ ክርክር ተነሣ። በሚቀጥለው ዓመት በኤፕሪል 1941 ቁጥር 3199 የሆነው ድንጋጌ ታወጀና በ54ኛው አንቀጹ ሴቶች ከተፈጥሯቸው ጋር የማይስማማ ስፖርት እንዳይሠሩ ከለከለ። የትኛው ስፖርት እንደሆነ ግን በስም አልጠራም ነበር። በ1965፣ በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን፣ የአገሪቱ የስፖርት ምክር ቤት ስሙን ዘረዘረው፤ እግር ኳስ፣ የአዳራሽ ውስጥና የባሕር ዳርቻ ኳስ፣ ራግቢ፣ ክብደት ማንሣት ሁሉም በዝርዝሩ ገቡ። ክልከላው የተነሣው በ1979 ነው፤ የሴቶች ጨዋታ የሚመራበት ደንብ የወጣው ደግሞ በ1983።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ፔሌን በአገራችን ከሽማግሌ እስከ ሕፃን የማያውቀው የለም። ፔሌ 3 የዓለም ዋንጫ ያነሣው በ1958፣ በ1962 እና በ1970 ነው። ሦስቱም ድሎች በክልከላው ዘመን ውስጥ ይወድቃሉ። ብራዚል የዓለም የኳስ መምህር ተብላ በምትወደስበት በዚያ ጊዜ፣ ከሕዝቧ ግማሹ ያንኑ ኳስ እንዳይነካ ታግዶ ነበር። ይህ የብራዚል ብቻ ነውር አይደለም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ1921 ሴቶች በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች እንዳይጫወቱ ከልክሎ እገዳውን እስከ 1971 ገደማ አቆይቷል፤ የምዕራብ ጀርመን ፌዴሬሽንም ከ1955 እስከ 1970 ተመሳሳይ እገዳ ነበረው። እንግሊዝ ሴቶችን ያገደችው፣ ዲክ ኬር ሌዲስ የተባለው የፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን በሊቨርፑል ጉዲሰን ፓርክ 53,000 ተመልካች ፊት ከተጫወተ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላ ነው። ተመልካች ስለጠፋ ነው እንዳይባል ነው ይህን መጥቀሴ።

ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል። ያስለመደው ግን በአንድ ቀን አይሻርም። ፎርሚጋ ኳስ መምታት ስትጀምር ክልከላው ተነሥቷል፤ ሆኖም ለሴት ልጅ የተዘጋጀ ሜዳም፣ አሠልጣኝም፣ የታዳጊዎች ቡድንም አልነበረም። አባቷ የሞተው ገና ሕፃን ሳለች ነው፤ እናቷ ናት ያሳደገቻት። ወንድሞቿ ኳስ በመጫወቷ ይመቷት እንደነበር ራሷ በተለያየ ጊዜ ተናግራለች። ከእሷ በፊት ከዚያው ከባሂያ የወጣችው ታላቋ አማካይ ሲሲ ደግሞ ኳስ የሚገዛላት ስላልነበረ የአሻንጉሊቶቿን ጭንቅላት እየነቀለች ትመታ ነበር። ሲሲ በ1999 የዓለም ዋንጫ 7 ግብ አስቆጥራ ከቻይናዋ ሱን ዌን ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን የተጋራች ተጫዋች ናት። ከእነዚህ ልጆች አንዳቸውም በአካዳሚ አላለፉም። ሁለቱም ጨዋታውን የተማሩት ከወንዶች ጋር በሰፈር መንገድ ላይ፣ እየተገፉ ነው።

በ1995 ስዊድን ላይ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ፎርሚጋ የ17 ዓመት ልጅ ሆና ከቡድኑ ጋር ተጓዘች። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የብራዚል ሴቶች የሚለብሱት ከወንዶቹ የተረፈውን ማሊያ ነበር፤ ለወንድ አካል የተሰፋ፣ እጀታው ክርን አልፎ የሚንጠለጠል። ብራዚል በመክፈቻው አስተናጋጇን ስዊድንን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ከዚያ በጃፓን 2 ለ 1፣ በጀርመን 6 ለ 1 ተሸንፋ ከምድቧ ተሰናበተች። በዚያ ውድድር በስዊድን ማሊያ ትጫወት የነበረች ፒያ ሱንድሃጌ የምትባል ተጫዋች ነበረች። ስሟን ያዙልኝ፤ በኋላ እንደገና እናገኛታለን።

አሁን ወደ መሃል ሜዳ እንግባ። ፎርሚጋ የምትጫወተው በተከላካዮቹና በአጥቂዎቹ መካከል ነው። ከፊቷ ማርታና ክሪስቲያኔ አሉ፤ ሁለቱም ኳስ ሲይዙ ወደፊት መሄድን እንጂ ወደኋላ ማየትን የማያውቁ፣ አብዶ ሠርተው ሦስት ሰው አልፈው ግብ የሚያገቡ ናቸው። እነሱ ሲሄዱ ከኋላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። ኳሱ በተነጠቀ ጊዜ ባላጋራ የሚሮጠው ወደዚያ ባዶ ቦታ ነው። እዚያ ቆማ የምትጠብቀው ፎርሚጋ ናት። በገጠር ቤት ምሰሶውን አይቶ የሚያደንቅ እንግዳ የለም፤ ጣሪያው ተሸክሞ እንደቆመ እንጂ ማን እንደተሸከመው አይጠየቅም። የእሷ ሥራ እንደዚያ ነው።

ይህን ሥራ በቴሌቪዥን ማየት ያስቸግራል፤ ካሜራው ኳሱን ይከተላልና። ስታዲየም ገብታችሁ ዐይናችሁን ከኳሱ ነቅላችሁ በእሷ ላይ ብትተክሉ ግን ሌላ ጨዋታ ታያላችሁ። ኳሱ ገና በሌላው ጥግ ሳለ አንገቷን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታዞራለች፤ ከኋላዋ ማን እንዳለ ትቆጥራለች። ሁለት እርምጃ ወደኋላ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን። ባላጋራዋ ልታቀብል ያሰበችው መንገድ በዚያች በአንዲት እርምጃ ይዘጋል፤ ኳሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ምንም የሆነ ነገር የለም፣ ተመልካቹም ምንም አላየም። አንድ አደጋ ግን ሳይወለድ ቀርቷል። ኳሱ ወደ እሷ ሲመጣ ደግሞ ሰውነቷን ግማሽ አዙራ ትቀበለዋለች፤ አንድ ንክኪ ለማቆም፣ ሁለተኛው ለማቀበል። አጥቂ ስትስት የሚታወሰው የሳተችው ነው፤ አማካይ ስትስት ግን በሦስት ሰከንድ ውስጥ ባላጋራ ግብ ጠባቂዋ ፊት ይደርሳል።

ሁለት ግቦቿን ላንሣ፤ ግብ ማግባት ዋና ሥራዋ ባይሆንም የአስተሳሰቧን መልክ ያሳያሉ። የመጀመሪያው የ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ነው። ጀርመን ያኔ የዓለም ሻምፒዮን ናት፤ ከአንድ ዓመት በፊት በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ብራዚልን 2 ለ 0 ረትታለች። በ10ኛው ደቂቃ ቢርጊት ፕሪንዝ አገባች፤ የዓምናው ሽንፈት ሊደገም ነው ያሰኛል። በ43ኛው ደቂቃ ፎርሚጋ አቻ አደረገች። ከዕረፍት በኋላ ማርታ አንድ፣ ክሪስቲያኔ ሁለት ጨምረው ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ። ሰው የሚያስታውሰው የሁለቱን አጥቂዎች ጭፈራ ነው። እኔ ግን ሁለቱም በነፃነት እንዲጫወቱ ያደረገው ያ የመጀመሪያው ግብ ነው ባይ ነኝ፤ ከዕረፍት በፊት ባይገባ ኖሮ ጀርመን መሪነቷን ይዛ በሯን ትዘጋ ነበር።

ሁለተኛው በጁን 2015 በካናዳዋ ሞንትሪያል ከደቡብ ኮሪያ ጋር የተደረገው ጨዋታ ነው። 33ኛው ደቂቃ ላይ አንዲት የኮሪያ ተከላካይ ለግብ ጠባቂዋ ኳሱን ወደኋላ ትመልሳለች። ቅብብሉ አጠረ። ፎርሚጋ ያንጊዜ 37 ዓመቷ ነው፤ ከኮሪያ ልጆች ብዙዎቹ ከእሷ ይፈጥናሉ። ሆኖም ተከላካይዋ ጀርባዋን ስታዞር ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድማ ገምታ መሮጥ ጀምራ ነበር። ደረሰችበት፣ ኳሱንም መረብ ላይ አሳረፈችው። በሴቶች የዓለም ዋንጫ ታሪክ በዕድሜ ትልቋ ግብ አስቆጣሪ የሆነችው በዚያ ግብ ነው። ከዕረፍት በኋላ ማርታ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን አክላ በዓለም ዋንጫ 15ኛ ግቧን ስላስቆጠረች፣ የማግስቱ ወሬ በአብዛኛው የማርታ ሆነ። ማርታ የሚገባትን አገኘች። የፎርሚጋ ግብ ግን ይህ ቦታ ከእግር ይልቅ ዐይን እንደሚፈልግ ያሳየናል፤ ፍጥነት በ30 ዓመት መቀነስ ይጀምራል፣ ዐይን ግን በልምድ ይሳላል። የቦታው ተፈጥሮ ለረጅም ዘመኗ አንዱ ምክንያት ነው የምለው ስለዚህ ነው።

የማይታይ ሥራ ባለቤቱ ሲጎድል ይታያል። በ2019 የፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ ብራዚል ከአውስትራሊያ ጋር ስትጫወት በዕረፍት ሰዓት 2 ለ 1 ትመራ ነበር። ቢጫ ካርድ ያየችው ፎርሚጋ ከዕረፍት አልተመለሰችም፤ ከጉዳት ያገገመችው ማርታም አብራ ተቀየረች። ጨዋታው በአውስትራሊያ 3 ለ 2 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ሽንፈትን በአንድ ሰው መውጣት ብቻ መተርጎም ስሕተት ነው፤ የሁለተኛው አጋማሽ ብራዚል ግን መሃሉ እንደተከፈተ ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም ነበር። ያን ጊዜ ፎርሚጋ 41 ዓመቷ ነው። ለ41 ዓመት ሴት በቦታው የሚቆም ምትክ አልነበረም ማለት ነው፤ ወደ ዋናው ጥያቄያችን የሚያደርሰንም ይኸው ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ እንጀራዋ ልናገር፤ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ ትክክል አይሆንምና። የወንድ ተጫዋች የሕይወት ታሪክ ስታነቡ ክለብ የሚቀይረው የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ነው። በሴቶቹ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የተጫወቱበት ክለብ ወይም ሊጉ ራሱ ከእግራቸው ሥር መጥፋቱ ነው። ፎርሚጋ በ1990ዎቹ በሳኦ ፓውሎ ክለብ ተጫወተች። በ2000ዎቹ አጋማሽ ወደ ስዊድን ማልሞ ሄደች። በ2009 በአሜሪካ አዲስ በተቋቋመው ሊግ ለጎልድ ፕራይድ፣ በ2010 ለቺካጎ ሬድ ስታርስ ተሰለፈች። በዚያው በ2010 ማብቂያ ጎልድ ፕራይድ ዋንጫውን ባነሣ በሁለት ወር ውስጥ ፈረሰ፤ ሬድ ስታርስም ከሊጉ ወጣ፤ ሊጉ ራሱ በ2012 ተዘጋ። አገሯ ስትመለስም ያው ነው። ማርታና ክሪስቲያኔ የተጫወቱበት የሳንቶስ የሴቶች ቡድን በ2012 መጀመሪያ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ፈረሰ፤ ክለቡ የኔይማርን ውል በትልቅ ገንዘብ ካራዘመ ጥቂት ወራት ብቻ አልፈው ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ የ2001ዱ የሳኦ ፓውሎ ግዛት ውድድር ነው። አዘጋጆቹ የሴቶች ውድድር ተመልካች እንዲያገኝ ተጫዋቾቹ ቆንጆ መሆን አለባቸው ብለው ወሰኑ። ዕድሜያቸው ከ23 በላይ የሆኑትን ከለከሉ፤ ፀጉሯን የተላጨች አይገባም ተባለ። ፀጉሯን ትላጭ የነበረችው ሲሲ፣ የዓለም ዋንጫ ኮከብ ግብ አግቢዋ፣ በገዛ አገሯ ከሜዳ ውጭ ቀረች። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ያንን ደንብ ያጸደቁ ሰዎች የኳስ ሰዎች ነበሩ፤ ሲሲ በግራ እግሯ ምን እንደምትሠራ በደንብ ያውቃሉ። ከ60 ዓመት በፊት የወጣው ድንጋጌ ከሕግ መጽሐፍ ቢፋቅም በሰዎቹ ልብ ውስጥ እንዳለ መቀመጡን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

በእንዲህ ያለ አገር ነው ፎርሚጋ ሳትታክት የቆየችው። በሳኦ ጆዜ ክለብ የደቡብ አሜሪካን የክለቦች ዋንጫ፣ ሊበርታዶሬስን፣ አነሣች፤ ክለቡ በ2011፣ በ2013 እና በ2014 ሻምፒዮን ሆኗል። በጃንዋሪ 2017፣ በ38 ዓመቷ፣ የፈረንሳዩ ፓሪ ሴን ዠርመ አስፈረማት። በዚህ ዕድሜ ዝውውር ማለት ለአብዛኛው ተጫዋች የስንብት ጉዞ ነው። እሷ 4 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ተጫወተች፤ በ2021 ክለቡ የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫውን ሲያነሣ፣ የሊዮንን የ14 ተከታታይ ዓመት ግዛት ሲያበቃ፣ የ43 ዓመቷ ፎርሚጋ የቡድኑ አባል ነበረች።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል እሻገራለሁ። በ2016 ኦሊምፒኩ ሪዮ ላይ ነበር። ብራዚል በማራካኛ ስታዲየም በግማሽ ፍጻሜው ከስዊድን ጋር 0 ለ 0 ተለያይታ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈች፤ ለነሐሱም በካናዳ ተረትታ 4ኛ ወጣች። ፎርሚጋ 38 ዓመቷ ነው፤ 2 የኦሊምፒክ ብር፣ አንድ የዓለም ዋንጫ ሁለተኛነት አላት። በቃኝ አለች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በማናውስ ከተማ በተዘጋጀ ውድድር ተሸኘች፤ ጫማዋን ሰቀለች።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። ፌዴሬሽኑ ኤሚሊ ሊማን በዋናው የሴቶች ቡድን ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት አሠልጣኝ አድርጎ ሾሞ፣ ዓመት ሳይሞላ በሴፕቴምበር 2017 አሰናበታት። ክሪስቲያኔን ጨምሮ በርካታ ተጫዋቾች በቁጣ ከብሔራዊ ቡድኑ ራሳቸውን አገለሉ። የቀድሞው አሠልጣኝ ቫዳኦ ሲመለስ መሃል ሜዳውን ተመለከተና የ40 ዓመቷን ፎርሚጋን ለመናት። በ2018 የኮፓ አሜሪካ ውድድር ተመልሳ ተሰለፈች፤ ብራዚልም ዋንጫውን ወሰደች። ከዚያ የፈረንሳዩ ዓለም ዋንጫ መጣ። እዚያ ከጃማይካ ጋር በተደረገው የብራዚል የመጀመሪያ ጨዋታ ስትሰለፍ በሴቶች ዓለም ዋንጫ በዕድሜ ትልቋ ተጫዋች ሆነች።

በዚያ ውድድር ብራዚል ከአስተናጋጇ ፈረንሳይ ጋር በጥሎ ማለፉ ተጫውታ በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ስትሸነፍ፣ ማርታ ዕንባዋን እየዋጠች ካሜራ ፊት ቆማ ለአገሯ ልጃገረዶች ተናገረች። ፎርሚጋ ለዘላለም አትኖርም፣ እኔም አልኖርም፣ ክሪስቲያኔም አትኖርም፣ የሴቶች እግር ኳስ መዳን የሚችለው በእናንተ ነው የሚል ቁም ነገር ነበረው። ብዙ ሰው ንግግሩን ስለ ጽናት የተነገረ ምክር አድርጎ ወሰደው። እኔ ስሰማው አቤቱታም ነበረበት። ማርታ መጀመሪያ የጠራችው የፎርሚጋን ስም ነው፤ 24 ዓመት ሙሉ ቦታዋን የያዘችው እሷ ስለሆነች። ልጃገረዶቹ እንዲተኩ ሜዳና አሠልጣኝ መስጠት ግን የልጃገረዶቹ ሥራ አይደለም፤ የፌዴሬሽኑና የክለቦቹ ነው።

እውነትን ለመናገር፣ በዚያው ጊዜ ነገሮች መነቃነቅ ጀምረው ነበር። ከ2019 ጀምሮ በብራዚል አንደኛ ሊግ የሚጫወት ክለብ የሴቶች ቡድን እንዲኖረው ግዴታ ሆነበት። በሴፕቴምበር 2020 ፌዴሬሽኑ ለብሔራዊ ቡድን የሚጠሩ ሴቶችና ወንዶች እኩል የቀን አበል እንደሚከፈላቸው አስታወቀ። በ2019 አጋማሽ ደግሞ አዲስ አሠልጣኝ መጣች፤ ስሟን ያዙልኝ ያልኳችሁ ፒያ ሱንድሃጌ። ፎርሚጋ በ17 ዓመቷ ስትጀምር በስዊድን ማሊያ የነበረችው ያቺው ሴት፣ በ2008 የቤጂንግ ፍጻሜ ብራዚልን 1 ለ 0 ያሸነፈችው የአሜሪካ ቡድን አሠልጣኝ፣ በ2016ም ከማራካኛ ብራዚልን ያስወጣችው የስዊድን አሠልጣኝ ነበረች። ሱንድሃጌ ተጫውታ፣ ጫማ ሰቅላ፣ አሠልጣኝ ሆና፣ ሦስት አገር ዞራ ስትመጣ ፎርሚጋ አሁንም መሃል ሜዳ ላይ ነበረች። ቶኪዮ ላይ በ2021 በተደረገው ኦሊምፒክ ይዛት ሄደች። ከጓደኞቿ መካከል በ1995 ገና ያልተወለዱ ነበሩ። ብራዚል በሩብ ፍጻሜው በካናዳ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈች፤ በኖቬምበር 2021 ማናውስ ላይ ከሕንድ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ፎርሚጋ ተቀይራ ገብታ ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን በእርግጥ፣ ተሰናበተች።

ከሷ በኋላ የመጣው የዓለም ዋንጫ የ2023ቱ ነው። ብራዚል ከጃማይካ ጋር 0 ለ 0 ተለያይታ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ይህ ከ1995 ወዲህ አልደረሰባትም ነበር። ከ1995 ጀምሮ ከምድቧ የቀረችባቸው ሁለቱ ዓመቶች ፎርሚጋ ገና ልጅ ሆና የመጣችበትና ፎርሚጋ የሌለችበት ናቸው። ሁሉንም በእሷ መኖርና አለመኖር ማሳበብ አልፈልግም፤ ቡድኑ ሌሎች ችግሮችም ነበሩበት። ቢሆንም ለ26 ዓመት አንድን ቦታ በአንድ ሰው ሸፍኖ የኖረ ቤት፣ ያ ሰው ሲወጣ የሚገጥመውን አየን።

ያ የመጨረሻው ቃል አይደለም። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ብራዚል እንደገና ለፍጻሜ ደረሰች፤ እንደ 2004ቱና እንደ 2008ቱ ሁሉ በአሜሪካ ተሸንፋ ብር ወሰደች። በዚያ ቡድን መሃል ሜዳ ላይ አንጀሊና ነበረች፤ የተወለደችው በጃንዋሪ 2000 ነው፤ ፎርሚጋ በዚያ ዓመት ለሁለተኛ ኦሊምፒኳ ወደ ሲድኒ ትጓዝ ነበር። አንጀሊና ቶኪዮ ላይ ከፎርሚጋ ጋር በአንድ ቡድን ነበረች፤ ለአንድ ክረምትም ቢሆን ጎን ለጎን ተለማምደዋል። ቀጣዩ የዓለም ዋንጫ በ2027 በብራዚል ይካሄዳል። በዚያ ጊዜ አንጀሊና 27 ዓመቷ ይሆናል፤ ከኋላዋ ደግሞ ክለቦች የሴቶች ቡድን እንዲይዙ በተገደዱ ጊዜ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች የነበሩት፣ በክለብ ማሊያ ያደጉት ይመጣሉ። እኔ በዚያ ውድድር የምጠብቀው የመሃል ሜዳ ተቀያሪዎችን ዝርዝር ነው፤ አማካይዋ ብትጎዳ ወይም ቢጫ ካርድ ብታይ ተነሥታ የምትገባው ማን ናት? ሁለት ወይም ሦስት ስም ካለ፣ ፎርሚጋ ያላገኘችው ነገር እነሱ ጋር ደርሷል ማለት ነው።

ከመካከላችሁ አሠልጣኞች እንዳላችሁ አውቃለሁና፣ ስለ ተከላካይ አማካይ ሥልጠና ያላችሁን ጥያቄ አስቀድሜ ብቀበል ደስ ይለኛል።